አረር በዱቄት ቀለም ሲቀባ፦ ከመሣሪያ ምርጫው በስተጀርባ ያለው ሳይንስ

የማቀዝቀዣ በር፣ የቢስክሌት ዘንግ፣ የቢሮ መደርደሪያና የአሉሚኒየም መስኮት አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሁሉም ለስላሳና ወጥ በሆነ፣ በጥፍር ቢፋቅ በማይላቀቅ ቀለም የተሸፈኑ ናቸው። ይህ ቀለም በብሩሽ የተቀባ ወይም በፈሳሽ መልክ የተረጨ አይደለም፤ እንደ ስንዴ ዱቄት የላመ ደረቅ ቀለም በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ ከተጣበቀ በኋላ በምድጃ ውስጥ ተጋግሮ የተገኘ ነው። በየብረታ ብረት ሥራ ቤቱ «ፓውደር ኮቲንግ» እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው።

ይህ የፋብሪካ ዘዴ ያልታሰበ ቦታም ገብቷል። በዩናይትድ ስቴትስ ለዒላማ ተኩስ የሚሆን የእርሳስ አረር በቤታቸው አቅልጠው የሚያፈስሱ ሰዎች አሉ። በዚያ አገር የፌዴራል ሕግ መሠረት ለራስ መጠቀሚያ ጥይት ማዘጋጀት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለሽያጭ ማምረት ግን ይጠይቃል። ባለፉት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ አረሮቻቸውን በዱቄት ቀለም መሸፈን ጀምረዋል። ጀማሪው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄም አንድ ነው፦ የትኛውን መሣሪያ ልግዛ? መርጫ ወይስ የፕላስቲክ ዕቃ? ምን ዓይነት ምድጃ?

ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ይመስላል። መልሱ ግን በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ሳይሆን በፊዚክስና በኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን ዋና ዋና ምርጫዎች፣ ማለትም ዱቄቱን የሚያጣብቀውን መሣሪያ፣ የሚያበስለውን ምድጃና ሠራተኛውን ከእርሳስ መርዝ የሚጠብቀውን ትጥቅ፣ በየተራ እየወሰድን ሳይንሳዊ መሠረታቸውን ለማብራራት እንሞክራለን።

የዱቄት ቀለም ምንድን ነው?

ተራው ፈሳሽ ቀለም ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ ቀለም ሰጪውን ቅንጣት፣ አጣባቂውን ሙጫና ሁለቱን የሚያቀጥነውን አሟሚ። ቀለሙ ሲደርቅ አሟሚው ተንኖ ወደ አየር ይገባል። በዱቄት ቀለም ውስጥ አሟሚ የለም። ሙጫው፣ አጠንካሪው ንጥረ ነገርና ቀለም ሰጪው አብረው ቀልጠው ከተደባለቁ በኋላ ቀዝቅዘው ይፈጫሉ። የእያንዳንዱ ቅንጣት ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮሜትር ነው።

ዘዴው በኢንዱስትሪ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ኤርቪን ጌመር ዱቄቱን በአየር ግፊት እንደ ፈሳሽ እያንሳፈፈ የጋለ ብረት ውስጡ የሚነከርበትን ዘዴ ፈለሰፈ። በ1960ዎቹ ደግሞ ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ሙል እየሞሉ መርጨት ተጀመረ፤ ዛሬ በስፋት የሚሠራበትም ይኸው ነው።

በምድጃ ውስጥ የሚሆነው ለውጥ ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ዱቄቱ ይቀልጥና ተንጣሎ ብረቱን ያለብሳል። ቀጥሎ የሙጫው ረጃጅም ሞለኪውሎች በአጠንካሪው አማካይነት እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፤ እንደ መረብም ይሆናሉ። ቅቤ ቀልጦ ተመልሶ ይረጋል፤ የተጋገረ እንጀራ ግን ተመልሶ ሊጥ አይሆንም። የዱቄት ቀለምም አንድ ጊዜ በሚገባ ከበሰለ በኋላ ቢሞቅ ዳግመኛ አይቀልጥም። ለጥንካሬው ምክንያቱ ይህ ነው።

እርሳስ ለምን መሸፈን አስፈለገው?

እርሳስ ከባድ፣ ለስላሳና በቀላሉ የሚቀልጥ ብረት ነው። አንድ ሜትር ኩብ እርሳስ 11,340 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ የሚቀልጠውም በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። (ተማሪዎች የምንጽፍበት «እርሳስ» ስሙን ብቻ ተዋሰ እንጂ በውስጡ ያለው ካርቦን ነው፤ ከዚህ ብረት ጋር ዝምድና የለውም።) ለስላሳነቱ ለማፍሰስ ቢያመችም ችግር አለው። አረሩ በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ የባሩዱ ትኩስ ጋዝና የብረቱ ፍትጊያ ገጹን ስለሚያፍቁት በአፈሙዙ የውስጥ ቦዮች ላይ የእርሳስ ቅርፊት ይጋገራል። ይህም ኢላማን ያዛባል፤ ጽዳቱም አድካሚ ነው።

ጥንት መፍትሔው አረሩን በሰምና በስብ መለወስ ነበር። በተኩስ ጊዜ ይህ ቅባት ይጨሳል፤ እጅንም ያቆሽሻል። የዱቄት ቀለም ሽፋን ግን በእርሳሱና በአፈሙዙ መካከል ጠንካራና ደረቅ ግድግዳ ይሆናል። የሽፋኑ ውፍረት በየጎኑ 25 ማይክሮሜትር ያህል ቢሆን የአረሩ ወርድ በ50 ማይክሮሜትር፣ ማለትም በ0.05 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ይህ ለዓይን የማይታይ ጭማሪ በአፈሙዝ ልክ ሲመዘን ትልቅ ነው። ስለዚህ የተቀባው አረር ልኩን በሚያስተካክል ቀለበት ውስጥ ተገፍቶ ያልፋል፤ ማይክሮሜትር የተባለው መለኪያም ከአስፈላጊዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ይሆናል።

ዱቄቱ ለምን አይረግፍም?

ደረቅ ዱቄት ያለ ሙጫና ያለ ውኃ በብረት ላይ እንዴት ይጣበቃል? መልሱ በበጋ ወራት ሹራብ ስናወልቅ ከምንሰማው «ጠሽ ጠሽ» ድምፅ ጋር አንድ ነው። ሁለት የተለያዩ ቁሶች ሲፋተጉ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጌቲቭ ሙል ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1757 ዮሐን ካርል ቪልከ የተባለ ሳይንቲስት ቁሶችን በፍትጊያ ጊዜ በሚይዙት ሙል ቅደም ተከተል ደርድሯቸዋል። በዚህ ዓይነት ድርድር ናይለን ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ፣ ቴፍሎን ደግሞ ወደ ኔጌቲቩ ጫፍ ይገኛሉ።

ሙል የያዘው የዱቄት ቅንጣት ወደ ብረቱ ሲጠጋ በብረቱ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ቦታቸውን ይለውጣሉ። ቅንጣቱ ኔጌቲቭ ከሆነ ኤሌክትሮኖቹ ይሸሻሉ፤ ፊቱ ላይ የሚቀረው ፖዘቲቭ ሙል ቅንጣቱን ይስበዋል። ውጤቱ በመስተዋት ውስጥ ተቃራኒ ሙል ያለው ምስል እንደተቀመጠ ያህል ነው።

የዚህን ስበት መጠን በቀላል ስሌት እንመልከት። ወርዱ 40 ማይክሮሜትር፣ እፍጋቱ በሴንቲ ሜትር ኩብ 1.5 ግራም የሆነ ቅንጣት ክብደት ወደ 0.5 ናኖኒውተን ይጠጋል። በአንድ ግራም ዱቄት ላይ 1 ማይክሮኩሎም ሙል አለ ብንል፣ በአንዱ ቅንጣት ላይ የሚደርሰው 300 ሺህ ያህል ትርፍ ኤሌክትሮን ነው። ይህን በኩሎም ሕግ ብናሰላው በቅንጣቱና በምስሉ መካከል ያለው ስበት 14 ናኖኒውተን ገደማ ይሆናል። ስበቱ የቅንጣቱን ክብደት ወደ 28 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። አረሩ ተገልብጦ ቢያዝ እንኳ ዱቄቱ የማይረግፈው ለዚህ ነው። ሙጫ የሆነው ኤሌክትሪክ ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ፦ መርጨት ወይስ መነቅነቅ?

ዱቄቱን ሙል ለማስያዝ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው የኤሌክትሪክ መርጫ ነው። በፋብሪካ መርጫ ጫፍ ላይ ያለችው ሹል መርፌ ከ30 እስከ 100 ኪሎቮልት በሚደርስ ቮልቴጅ በዙሪያዋ ያለውን አየር አዮን ታደርጋለች፤ የሚያልፈው ዱቄትም ብዙውን ጊዜ ኔጌቲቭ ሙል ይይዛል። የሚቀባው ዕቃ በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዛል። ይህ መሣሪያ ለበር፣ ለአልጋ ወይም ለመኪና ጎማ ቸርኬ እጅግ ተስማሚ ነው።

ለአረር ግን ሦስት ችግሮች ያጋጥሙታል። በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ አረር ከመሬት ሽቦው ጋር መነካካት ስላለበት በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ዕቃዎችን አንድ በአንድ በብረት ሰሌዳ ላይ ማቆም ግድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሚረጨው ዱቄት አብዛኛው በአረሮቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ችግር ረቂቅ ነው። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1836 በሠራው ዝነኛ ሙከራ እንዳሳየው የኤሌክትሪክ መስክ በብረት ወደተከበበ ባዶ ቦታ አይዘልቅም። በአረር ወገብ ላይ ለቅባት ማኖሪያ የሚተዉት ጠባብ ቦዮች የዚህ ትንሽ ምሳሌ ናቸው። የመስኩ መስመሮች በጠርዙ ላይ ስለሚያልቁ ዱቄቱ ጠርዙን አወፍሮ ቦዩን ያሳሳዋል።

ሁለተኛው መንገድ ለማመን የሚያስቸግር ቀላልነት አለው። አረሮቹና ጥቂት ዱቄት ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይገቡና ለአንድ ደቂቃ ያህል ክብ እየዞረ ይነቀነቃል። ብዙዎች ፍትጊያውን ለመጨመር ትናንሽ የፕላስቲክ እንክብሎችን አብረው ያስገባሉ። ኪሎቮልት የሚያመነጭ መሣሪያም ሆነ ኮምፕሬሰር አያስፈልግም፤ ፍትጊያው ራሱ ሙሉን ይፈጥራል። ከውጭ የተዘረጋ ጠንካራ መስክ ስለሌለም ዱቄቱ በቦዮቹ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል።

በዚህ ዘዴ የዕቃው የፕላስቲክ ዓይነት ወሳኝ ነው። ልምዱ ያላቸው ሰዎች በዕቃው መቀመጫ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር የታተመበትን፣ ማለትም ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ፕላስቲክ ይመርጣሉ። ቁጥሩ የጥራት ደረጃ አይደለም፤ የፕላስቲኩን ዓይነት የሚገልጽ መለያ ነው። የሚሰጠውና የሚወሰደው ኤሌክትሮን በሁለቱ ቁሶች ባሕርይ ስለሚወሰን ፕላስቲኩ ሲለወጥ ሙሉም ይለወጣል።

የአየሩ እርጥበትም ድርሻ አለው። እርጥብ አየር በቁሶች ገጽ ላይ ስስ የውኃ ሽፋን ስለሚያኖር ሙሉ በዚያ በኩል ያመልጣል። በደረቅ ቀን ያማረ ሥራ በዝናብ ቀን ሊበላሽ ይችላል። እንዲሁም አረሩ ዘይት ወይም ላብ የነካው ከሆነ ሽፋኑ ኋላ ይላቀቃል፤ ስለዚህ ጓንትና ወረንጦ ያስፈልጋሉ።

መደምደሚያው ግልጽ ነው። ዕቃው ትልቅና ጥቂት ሲሆን መርጫ፣ ትንሽና ብዙ ሲሆን መነቅነቂያ ዕቃ ይመረጣል። ውዱ መሣሪያ ሁልጊዜ የተሻለ መሣሪያ አይደለም።

ሁለተኛው ምርጫ፦ ምድጃው

አብዛኞቹ የዱቄት ቀለሞች ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበስላሉ። በዱቄቱ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ይህ ሙቀት የብረቱ ሙቀት እንጂ የምድጃው አየር ሙቀት አይደለም። ጊዜው መቆጠር ያለበት ምድጃው ከጋለበት ሳይሆን አረሩ ራሱ ከጋለበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ያልበሰለ ሽፋን ያወጣል።

እርሳስ በዚህ ረገድ አሳሳች ነው። አንድ ግራም እርሳስን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው 0.13 ጁል ያህል ብቻ ነው፤ ብረት ግን 0.45 ጁል ይፈልጋል። ስምንት ግራም የሚመዝኑ መቶ አረሮችን ከ20 ወደ 200 ዲግሪ ለማድረስ 18 ኪሎጁል ያህል ይበቃል። የ1200 ዋት ምድጃ ኃይሉ ሁሉ ወደ እርሳሱ ቢገባ ይህን በ15 ሰኮንድ ይጨርሰው ነበር። በተግባር ብዙ ደቂቃ የሚፈጀው አየር ሙቀትን የሚያስተላልፈው ቀስ ብሎ ስለሆነ ነው። ማራገቢያ ያለው ምድጃ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ የሚንቀሳቀስ አየር ሙቀቱን በፍጥነትና በእኩልነት ያዳርሳል። ማራገቢያ በሌለው ትንሽ ምድጃ ውስጥ ግን ከጋለው ሽቦ በቀጥታ የሚመጣው ጨረር ከላይ ያሉትን ሲያሳርር ከታች ያሉት ጥሬ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው የሙቀት ልክ ማለፍ ነው። ንጹሕ እርሳስ እስከ 327 ዲግሪ ስለማይቀልጥ 200 ዲግሪ ሩቅ ይመስላል። ነገር ግን አረር የሚፈስሰው ብዙውን ጊዜ ከንጹሕ እርሳስ ሳይሆን ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ጋር ከተደባለቀው ነው። ቆርቆሮ ስንል እዚህ ላይ የቤት ክዳኑን ሳይሆን ቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ማለታችን ነው። ድብልቅ ብረት ደግሞ ከንጹሕ እርሳስ ባነሰ ሙቀት ሊቀልጥ ይችላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በቀድሞ ማተሚያ ቤቶች ሊኖታይፕ ለተባለው የፊደል መልቀሚያ መኪና ያገለግል የነበረው ብረት ነው። ይህ ድብልቅ 84 በመቶ እርሳስ፣ 12 በመቶ አንቲሞኒና 4 በመቶ ቆርቆሮ ይዞ በ240 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። አረር አፍሳሾች ለጥንካሬው ሲሉ ይህን የማተሚያ ቤት ብረት ይፈልጉታል። ከ200 እስከ 240 ያለው ልዩነት 40 ዲግሪ ብቻ ነው። የርካሽ ምድጃ መቆጣጠሪያ ደግሞ በአስር ዲግሪዎች ወደ ላይና ወደ ታች ሊዋልል ይችላል፤ በጋለው ሽቦ አጠገብ ያለው ቦታማ ከዚያም በላይ ይሞቃል።

ስለዚህ ምድጃ የሚመርጥ ሰው በመደወያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን የለበትም። አረሮቹ አጠገብ የሚቀመጥ ቴርሞካፕል፣ ቢቻልም ሙቀቱን በራሱ የሚያስተካክል ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ፣ ከውድ ምድጃ ይበልጣል። ከሽቦ ወንፊቱ ሥር ጠርዝ ያለው የብረት ትሪ ማኖርም ብልህነት ነው፤ እርሳስ ቢቀልጥ በጋለው ሽቦ ላይ አይፈስስም።

መብሰሉን ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ የተቀባ አረር በመዶሻ ይጠፈጠፋል። በሚገባ የበሰለ ሽፋን ከእርሳሱ ጋር አብሮ ይለጠጣል እንጂ አይሰነጠቅም፤ በአሴቶን በራሰ ጨርቅ ቢታሽም ቀለሙ አይለቅም።

ሦስተኛው ምርጫ፦ ከመርዝ መጠበቂያው

ብዙዎች በመጨረሻ የሚያስቡት፣ በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ምርጫ ይህ ነው። እርሳስ በሰውነት ውስጥ ምንም ጠቃሚ ሥራ የለውም። ከካልሲየም ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነት ተሳስቶ ይቀበለዋል፤ በአጥንት ውስጥም ለዐሥርተ ዓመታት ያከማቸዋል። የሕፃናት ጉዳት የባሰ ነው። አዋቂ ከዋጠው እርሳስ አንድ ዐሥረኛ ያህሉ ወደ ደሙ ሲገባ፣ በሕፃን እስከ ግማሽ ሊደርስ ይችላል፤ በማደግ ላይ ያለ አንጎልንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይገልጻል። በዩናይትድ ስቴትስም በሕፃናት ደም ውስጥ ክትትል የሚያስፈልገው መጠን እ.ኤ.አ. በ2021 በዴሲሊትር ከ5 ወደ 3.5 ማይክሮግራም ዝቅ ተደርጓል።

በዚህ ሥራ መርዙ በየት በኩል ይመጣል? ብዙ ሰው የሚፈራው ተኑን ነው። በ200 ዲግሪ ከእርሳስ የሚወጣው ተን ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዋናው ጠላት አቧራ ነው። እርሳስ ሲቀልጥ በላዩ የሚንሳፈፈው ግራጫ ዝቃጭ፣ በእጅ ላይ የሚቀረው ጥቁረት፣ በልብስና በጫማ ተሸክመን ወደ ቤት የምናስገባው ብናኝ በምግብ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ሽፋኑ አረሩን ከቀቡት በኋላ እጅን ይጠብቃል እንጂ ከዚያ በፊት ያለውን ማፍሰስ፣ መልቀምና መነቅነቅ አደጋ አልባ አያደርግም።

ከዚህ የሚከተለው ሕግ አንድና የማይታጠፍ ነው፦ አረር የገባበት ምድጃ ዳግመኛ ምግብ አይገባበትም፤ የተነቀነቀበትም ዕቃ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም። ምድጃው ከመኖሪያ ክፍል ውጪ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጣል። ዱቄቱ ራሱም ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ብናኝ የሚያጣራ የአፍና የአፍንጫ ጭምብል ያስፈልጋል። በአንዳንድ የፖሊስተር ዱቄቶች ውስጥ ያለው ቲጂአይሲ የተባለ አጠንካሪ በአውሮፓ ዘረ መልን ሊጎዳ እንደሚችል ተመድቧል። በተጨማሪም በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት በእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል በነበልባል አጠገብ መርጨት ክልክል ነው። ወለል በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። እጅ ከመብላት በፊት በሳሙና ይታጠባል፤ የሥራ ልብስም ለብቻው ይታጠባል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በአገራችን ጥይት ማዘጋጀት የቤት ውስጥ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም፤ የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አንባቢን ወደዚያ ሥራ መጋበዝ አይደለም። ሳይንሱ ግን ለሁሉም ነው። የብረት በርና አልጋ የሚሠራ ወጣት ባለሙያ ቀለሙ በማዕዘኖች ላይ ለምን እንደሚሳሳ ቢጠይቅ የፋራዳይን ሙከራ ያገኛል። ቀለሙ ለምን እንደሚላቀቅ ቢመረምር የብረቱን ሙቀት ከአየሩ ሙቀት መለየት እንዳለበት ይረዳል። እርሳስን በተመለከተም አደጋው ከአረር ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚፈታ፣ እርሳስ አቅልጦ የሚበይድ ሰው ሁሉ ያው አቧራ ይጠብቀዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነችውም ይህንኑ አደጋ ተገንዝባ ነው።

በአጠቃላይ፣ መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ሥራው የሚመራበትን የተፈጥሮ ሕግ መረዳት ይቀድማል። የኩሎምን ሕግ የተረዳ ሰው ርካሹ የፕላስቲክ ዕቃ መቼ ውዱን መርጫ እንደሚበልጥ ያውቃል። የድብልቅ ብረቶችን ባሕርይ የተረዳ ሰው ገንዘቡን በምድጃው ውበት ላይ ሳይሆን በሙቀት መለኪያው ላይ ያውላል። እርሳስ በሰውነት ውስጥ የሚያደርሰውን የተረዳ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ጓንቱን፣ ጭምብሉንና ለብቻው የሚቀመጠውን ምድጃ ያዘጋጃል፤ ከጎኑ የሚያድጉት ልጆች መሣሪያ የመምረጥ ዕድል የላቸውምና።